«በጨርቅ ነው የጠረግሁት፣ በድንጋይ አይደለም»



ፔሳሕ ሊገባ ሲል በየሰፈራችን የመኪና በሮች ተከፋፍተው ይውላሉ። ምንጣፉ ይራገፋል፣ ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ ይገፋል፣ የልጅ ልጆች የበተኑት ባምባና የብስኩት ፍርፋሪ ከየስንጥቁ ይለቀማል። ሐሜጽ እንዳይቀር ነውና ሥራው በጥንቃቄ ይሠራል። በብዙ ቤት ይህን የሚሠሩት አያቶች ናቸው። ልጁ ሥራ ላይ ነው፣ ወይም ሚሉኢም ተጠርቷል። አባት ጡረታ ላይ ናቸው፣ «እኔ ላጽዳለት» ብለው ጨርቅ ይዘው ይወርዳሉ።

ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ በመስተዋቱ ስትገባ ልጁ ያያል። ማርሹ ዙሪያ፣ ራዲዮው ዙሪያ፣ የመስኮቱ መክፈቻ ላይ፣ ያ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ሞልቶታል። «ማነው እንዲህ ያደረገው?»

እኛ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ልጆች ሆነን የመጣን፣ ዛሬ በማኅበራዊ ሥራ የምናገለግል ሰዎች፣ ስለ መኪና ፕላስቲክ ምን አገባችሁ ብትሉን አትሳሳቱም። ግን ቤት ለቤት ስንዞር የምንሰማው ኩርፊያ ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ያለ ነገር ይጀምራል። ስለዚህ ሐሳባችንን በግልጽ እንናገር፦ የጠረገው ሰው ጥፋተኛ አይደለም። ጭረቱም አብዛኛው በቤት ይወጣል። የማይወጣው ደግሞ ሰዎች የሚጠይቁትን ያህል ገንዘብም ሆነ የአባትና የልጅ ጸብ አያስከፍልም።

የምናውቃቸው አንድ አባት አሉ። ዕድሜያቸውን በጽዳት ሥራ ያሳለፉ፣ እጃቸው ንጹሕ የሆነ ሰው ናቸው። የልጃቸውን መኪና ለበዓል ብለው ከላይ እስከ ታች ጠረጉለት። ልጁ መኪናዋን በ60 ክፍያ የገዛት ነው፤ በዚያ ቤት ከሱቅ በአዲስነቷ የወጣች የመጀመሪያዋ መኪና ናት። ጭረቱን ሲያይ አፉ ያመጣለትን ተናገረ። አባት ዝም አሉ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መኪናዋ ውስጥ አልገቡም። ኩፓት ሖሊም በሁለት አውቶቡስ መሄድ ጀመሩ። እኛ ለሌላ ጉዳይ ሄደን ነው ይህን የሰማነው። «እኔ በጨርቅ ነው የጠረግሁት፣ በድንጋይ አይደለም» አሉን።

እውነታቸውን ነው። ልጁም እውነቱን ነው፤ ሁለት ፈረቃ እየሠራ የሚከፍልባት መኪና ናት። ችግሩ ድንጋዩ በጨርቁ ውስጥ መኖሩ ነው።

እንዴት ብትሉ፣ የዚህ አገር አቧራ አሸዋ አለበት። በተለይ በደቡብ፣ ሻራቭ ሲነፍስ፣ መስኮት ተዘግቶ እንኳ በሰዓታት ውስጥ መኪናው ውስጥ ስስ ብናኝ ይተኛል። አሸዋው ብዙው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ነው፤ በማዕድን ጥንካሬ መለኪያ 7 ነጥብ ያለው፣ መስታወት የሚጭር። ፕላስቲኩ ከዚያ በእጅጉ የለሰለሰ ነው። በደረቅ ጨርቅ ስንጠርገው ብናኙን እየጎተትን እንፈገፍገዋለን ማለት ነው። የነጠላ ጫፍ ቢሆን፣ የጥጥ ፎጣ ቢሆን፣ የወረቀት ሶፍት ቢሆን ለውጥ የለውም፤ ሶፍትማ ራሱ ይጭራል። መግቮኒም እንኳ አቧራው ሳይነሳ ከታሸ ያው ነው።

ይህ ፕላስቲክ «ፒያኖ ብላክ» ይባላል፤ የፒያኖን ጥቁር ልባስ ስለሚመስል ነው። ፊቱ እንደ መስታወት ለስላሳ ስለሆነ ብርሃኑን በአንድ አቅጣጫ ይመልሰዋል። ትንሽ ጭረት ስትገባበት ብርሃኑ እዚያ ላይ ይበተናል፣ በጥቁሩ ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ግራጫና ሻካራ ፕላስቲክ ላይ ይኸው ጭረት ቢኖር ማንም አያየውም ነበር። እኛን የሚገርመን፣ መኪና ሠሪዎች ይህን መስታወት የመሰለ ነገር የሚያስቀምጡት እጅ፣ ቁልፍና ቀለበት በየቀኑ በሚነካው ቦታ ላይ መሆኑ ነው። በሱቅ መብራት ሥር ያምራላ! ገዢው ከወጣ በኋላ ያለው የሻጩ ጭንቀት አይደለም። እናም ልጆቻችሁ መኪና ሊመርጡ ሲሄዱ ማርሹ ዙሪያ ያለውን እንዲነኩት ንገሯቸው። ያው መኪና ሻካራ ፕላስቲክ ያለው ዓይነት ከኖረው፣ «ለክብር» ተብሎ ለሚያብረቀርቀው ተጨማሪ ብድር መውሰድ አያስፈልግም። በብድር ነገር ብዙ የምንለው አለን፣ ለሌላ ቀን ይቆየን።

አሁን ወደ ማውጣቱ። መጀመሪያ ጭረቱን በጥፍር ፈትሹት፣ በቀስታ በላዩ አሳልፉት። ጥፍር ካልያዘው ላይ ላዩን ነው፣ ይወጣል። ጥፍር ከገባበት ጥልቅ ነው፣ ስለ እሱ በኋላ እንናገራለን።

መኪናዋ ጥላ ውስጥ ትቁም፣ ፕላስቲኩም ይቀዝቅዝ። በቤር ሼቫ የነሐሴ ፀሐይ ሥር የቆመች መኪና ውስጥ ፖሊሽ ቢቀቡ እዚያው ይደርቅና ራሱ ሌላ ጣጣ ይሆናል። ከዚያ አቧራውን ሳትነኩት አንሱ፤ በለስላሳ ብሩሽ እያራገፉ በቫኩም መሳብ ይበቃል። ቀጥሎ ማይክሮፋይበር ጨርቅ በውኃና በአንዲት ጠብታ የሳህን ሳሙና አርጥቡና ያለ ኃይል አሳልፉት። ውኃውን ጨርቁ ላይ እንጂ ፕላስቲኩ ላይ አትርጩ፤ ከሥሩ የኤሌክትሪክ መክፈቻዎች አሉ። በሌላ ንጹሕ ማይክሮፋይበር አድርቁት። በዚህ ብቻ ጭረት ይመስል የነበረው ግማሹ ሲጠፋ ታያላችሁ፤ የእጅ ቅባትና የውኃ ኖራ ነበራ።

የቀረው እውነተኛ ጭረት ነው። ለእሱ የፕላስቲክ ፖሊሽ ያስፈልጋል። ፖሊሽ ጭረቱን አይሞላውም፤ ይህን ብዙ ሰው ይስተዋል። በውስጡ እጅግ የደቀቀ ፈጊ ብናኝ አለ፣ በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ፊት በጥቂቱ እየፋቀ ከጭረቱ ወለል ጋር ያስተካክለዋል። ስለዚህ በተጠቀማችሁ ቁጥር ፕላስቲኩ በትንሹ ይሳሳል። አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ከላዩ ስስ ላክ ብቻ ነው ያለው፤ እሱ ካለቀ የሚመልሰው የለም። በዓመት አንዴ ሁለቴ ይበቃል፤ በየሳምንቱ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ጠርዙን፣ ቆዳውንና የመክፈቻዎቹን ክፍተት ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ፤ ፖሊሽ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በለስላሳ ስፖንጅ ወይም በማይክሮፋይበር ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ ያህል ጠብ አድርጉ። በመጀመሪያ ማንም የማያየው ጥግ ላይ ሞክሩት። ካልደበዘዘ ቀጥሉ፤ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ብቻ፣ በቀላል እጅ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ እሹት። ኃይል አይጨመርበት። በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉና የስልክ መብራት በአግድም አብሩበት። ካልጠፋ ሁለተኛ፣ ቢበዛ ሦስተኛ ጊዜ ድገሙት። ከዚያ በኋላ ያለው አይወጣም፣ ተዉት።

እኚያ አባት ጋ የተደረገው ይኸው ነው። ሽምግልናው መጀመሪያ በቡና ተካሄደ፤ የልጁ እናትና አንድ አጎት ነበሩ፣ ልጁም ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ሁላችንም ከሕንፃው ሥር ወዳለው ማቆሚያ ወረድን። ፖሊሹን ያሹት አባት ራሳቸው ናቸው፤ ከእኛ ሁሉ ይልቅ የእሳቸው እጅ ቀላል ነበር። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፣ ድሩ ጠፋ። አንዲት ረጅም መስመር ብቻ ማርሹ ጎን ቀረች፤ ፍርፋሪ ለማውጣት በቢላ ጫፍ የተነካችው ናት። ለስንጥቅ ፍርፋሪ ቢላና ስቴክኒ አይሆንም፤ ቫኩምና አሮጌ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃል።

እንደዚያች መስመር ያለ ጥልቅ ጭረት በ2000 ከዚያም በ3000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ በውኃ እየታሸ፣ በኋላም በፖሊሽ ይወጣል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ባለሙያዎች ያደርጉታል። እኛ ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩት እንላለን፤ ላኩ ከተበሳ አንዲት መስመር የነበረችው የመዳፍ ያህል ደብዛዛ ቦታ ትሆናለች። የመኪና ጽዳት ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት፣ ዋጋውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አለበለዚያ ለዚያው መኪና ዓይነት ተቆርጦ የሚሸጥ ተለጣፊ ሽፋን አለ፤ ጭረቱንም ይደብቃል፣ ከሚመጣውም ይጠብቃል። በእኛ አስተያየት አያቶችና ሕፃናት ለሚገቡባት መኪና ከሁሉ ይሻላል።

በሰፈር የሚነገሩ መድኃኒቶችም አሉ። የጥርስ ሳሙና ሲሉ ትሰማላችሁ፤ ፈጊ አለበት፣ ግን ለጥርስ የተሠራ ስለሆነ አንዱ ዓይነት ምንም አያደርግም፣ ሌላው ያደበዝዘዋል። የወይራ ዘይትና የጫማ ቀለም ለአንድ ቀን ይደብቁታል፣ በማግስቱ አቧራ ይሰበስባሉ፣ የጫማ ቀለሙ ደግሞ የልጅቷን ነጭ ሸሚዝ ያበላሻል። በፀጉር ማድረቂያ ወይም በላይተር ማሞቅማ ጨርሶ! እሱ ለሌላ ዓይነት ሻካራ ፕላስቲክ የሚነገር ነው፤ ይህን ያጣምመዋል። አሴቶን ፕላስቲኩን ያሟሟል። ኤኮኖሚካና ስኮች ከኩሽናና ከመታጠቢያ ቤት አይውጡ። አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ፦ የሚነካው ስክሪን ላይ ፖሊሽ እንዳታስነኩ። እሱ ነጸብራቅ የሚቀንስ ልባስ አለው፤ ከተፋቀ እንደ ካርታ ተለጣጥፎ ይቀራል። ለስክሪን በትንሹ የረጠበ ማይክሮፋይበር ብቻ።

ስለ ገንዘቡም እንናገር፣ ምክንያቱም ሰዎቻችን የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። መኪና ሊሸጥ ሲቀርብ አንዳንዱ ገዢ ወይም ነጋዴ ገና በሩን ሲከፍት ጭረቱን ያሳያል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ከዋጋው ብዙ ሺህ ሸቀል ይቀንሳል። ሽማግሌው ያፍራሉ፣ ይስማማሉ። አትፈሩ። በቴስት ጊዜ ፍሬንና መብራት፣ ጎማና ጭስ ነው የሚታየው፤ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ስለተጫረ ቴስት የወደቀ መኪና የለም። የሌዊ ይጽሐቅ የዋጋ ዝርዝርም የሚጠይቀው ስንት ኪሎ ሜትር ተነዳች፣ ስንተኛ እጅ ናት፣ በፊት የግል ነበረች ወይስ የሊሲንግ የሚለውን ነው። ጭረት የድርድር ጉዳይ ነው፣ ድርድር ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ከመሸጣችሁ ሳምንት በፊት ግማሽ ሰዓት ፖሊሽ ብታደርጉት ያንን ክርክር ከእጁ ታወጡበታላችሁ።

የሊሲንግ መኪና የሚመልሱ ልጆች ያሏችሁም እንዲሁ። ውሉ ውስጥ «ብላይ ሳቪር» የሚል ቃል አለ፤ በመደበኛ አጠቃቀም የሚመጣ መጎሳቆል ማለት ነው። ከጨርቅ የመጣ ስስ ጭረት ከዚያ ውስጥ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ተቀባዩ ሠራተኛ የሚያስከፍል ወረቀት ሲያቀርብ እዚያው ከመፈረም በፊት ውሉን ማንበብ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ዝርዝሩን በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ዕብራይስጡ ከከበደ ወደ እኛ አምጡት፣ አብረን እናነበዋለን፤ ሥራችን ነው።

ልጆቻችንንም አንድ ነገር እንጠይቃለን፣ ይህን ለወላጆቻችሁ ጮክ ብላችሁ የምታነቡላቸው እናንተን ማለታችን ነው። መኪናውን ስትገዙ ሁለት ማይክሮፋይበር ጨርቅና ለስላሳ ብሩሽ ገዝታችሁ በበሩ ኪስ አስቀምጡ፤ ለአባባም ለእማማም የትኛው ለምን እንደሆነ አሳዩአቸው። ጨርቁን ስታጥቡት ማለስለሻ አትጨምሩበት፣ ከጥጥም ጋር አትቀላቅሉት፤ ብናኝ መያዙን ያቆማል።

ሱቅ የምትሄዱ አባቶች ደግሞ ሻጩን «ፖሊሽ ዓዲን ለፕላስቲክ» በሉት፤ ዓዲን ማለት ስስ፣ ለስላሳው ነው። «ጋስ» የሚል ቢሰጣችሁ እሱ ለውጪው ቀለም ከባድ ጭረት የሚሆን ነው፣ መልሱለት።