የሚያልፈውና የሚቀረው ሥዕል

በመብራት ግድግዳ ላይ የሚታይ ሥዕል መብራቱ ሲጠፋ ምንም አይተውም የሚሉ አሉ። እኔ በበኩሌ በዚህ አሳብ አልስማማም።

ደቡብ አፍሪቃዊው ሠዓሊ ዊሊያም ኬንትሪጅ በ2016 እ.ኤ.አ. በሮም ከተማ፥ በቲቤር ወንዝ ዳር ግንብ ላይ 500 ሜትር የሚረዝም ሥዕል ሠራ። ቀለም አልቀባም፤ ትልልቅ ቅርጾች አስደግፎ ዙሪያቸውን በውሃ አሳጠበ፤ ያልታጠበው እድፍ ሥዕል ሆነ። በምረቃው ማታ የሰዎች ጥላ በመብራት ገዝፎ በግንቡ ላይ ተራመደ። በኋላም ከዚያው ሥዕል በእንጨት አስቀርጾ በወረቀት አሳተመ። ጥላው በዚያው ማታ አለፈ፤ የግንቡንም ሥዕል እድፍ መልሶ ይሸፍነዋል፤ ኅትመቱ ግን ይኖራል።

እኛም በእንጨት ቀርጸን ያተምነውን በፕሮጀክተር አግዝፈን በትምህርት ቤታችን አጥር ላይ ብናሳይ፥ ሙዚየም ገብቶ የማያውቅ ወላጅ እንኳ ያየዋል። መብራቱ ሲጠፋም ኅትመቱ በእጃችን ይቀራል። ታዲያ ምን እንጠብቃለን?