ከግሥ በፊት ስለሚጨመር ባዕድ መነሻ

በነገሌ ቦረና፥ በያቤሎና በሞያሌ የሚያድግ ልጅ ብዙ ጊዜ በቤቱ ኦሮምኛ፥ በገበያ አማርኛ ይሰማል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስም ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ስለዚህ የግሥን ጠባይ ለማስረዳት እንደ እርሱ የተመቸ ተማሪ አይገኝም።

በኦሮምኛ ሂዼ ማለት አሰረ ነው፤ ታሰረ ለማለት ሲፈለግ ግን በግሡ መጨረሻ ተጨምሮ ሂዸሜ ይባላል። አማርኛ ጭማሪውን ወደ ፊት ያመጣዋል፤ ጫነ የነበረው ተጫነ፥ አስጫነ ይሆናል። እንግሊዝኛም ከፊት ይጨምራል፥ ነገር ግን ሥራው ሌላ ነው። የእኛ መነሻ አድራጊን፥ ተደራጊንና አስደራጊን ሲለይ፥ የእነርሱ መነሻ ድርጊቱ እንደምን እንደ ተፈጸመ ይናገራል። ሎድ ማለት ጫነ ነው፤ አንሎድ አራገፈ፥ ሪሎድ እንደ ገና ጫነ፥ ኦቨርሎድ ከልክ በላይ ጫነ ማለት ይሆናል። ይህን የመጨረሻውንስ ግመል ራሱ ያውቀዋል፤ ሸክሙ ሲበዛበት አልነሣም ብሎ ይጮኻልና።

አን የሚለው መነሻ ግን ሁለት ፊት አለው። ታይ ማለት አሰረ፥ አንታይ ማለት ፈታ ነው፤ እስከዚህ ድረስ አያሳስትም። አንታይድ ሲባል ግን የተፈታ ማለትም ነው፥ ከቶ ያልታሰረ ማለትም ነው። አማርኛ በሁለት ቃል የሚለየውን እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ይጠቀልለዋል። በቆላ አገር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ግመል በሌሊት ጠፍቶ ባለቤቱ ቢከስ፥ የተፈታ እንደ ሆነ የፈታው ሰው ይፈለጋል፤ ያልታሰረ እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ በእረኛው ላይ ይወድቃል። ከኬንያ ወሰን ማዶ የመጣውን የእንግሊዝኛ ወረቀት የሚተረጕም ልጅ ከሁለቱ አንዱን በግምት ቢጽፍ፥ ያልበደለ እረኛ ዕዳ ይከፍላል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ተማሪው ይህን ትምህርት በወደደ ጊዜ መነሻን በየስፍራው መፈለግ ይጀምራል። አንደር በታች፥ ስታንድ ቆመ ማለት ስለ ሆነ፥ አንደርስታንድ የሚለውን ባገኘ ጊዜ «ከበታች ቆመ» ብሎ ይፈታዋል፤ ፍቺው ግን አስተዋለ ነው። ለዚህ ከመዝገበ ቃላት በቀር መድኃኒት የለውም።

ስለ ግመሉ ግን እንግሊዝኛ የማያውቅ አባትም ቢሆን ልጁን መርዳት ይችላል። ወረቀቱ ሲነበብለት፥ «ልጄ፥ ገመዱን ሰው ፈትቶት ነውን? ወይስ ከመጀመሪያውም አልታሰረም ነበር? ከላይና ከታች ያለውን እንደ ገና አንብብልኝ» ይበለው።