የተሰነጠቀ የብረት ምድጃ

አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፥ በአትባራና እኛ ተከዜ በምንለው በሰቲት ወንዝ መካከል የተዘረጋው የፋሽጋ ምድር የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው። በአጠገቡ ባለው በገዳሪፍ ዙሪያ በትራክተር ማረስ የተጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1940ዎቹ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እርሻው በሰፋ መጠን ዱሩ ሳስቷል። ሙጫው ወደ ውጭ አገር የሚሸጠው ግራር እንኳ ለማገዶ ይቆረጣል። ስለዚህ በዚያ አገር እንጨት የሚያባክን ምድጃ የጎረቤትን ሀብት ጭምር ይበላል።

ወደዚያ የተዛወረ የመንግሥት ሠራተኛ አሮጌ የብረት ምድጃ ያገኘ እንደ ሆነ፥ እሳት ከማንደዱ በፊት ስንጥቅ እንዳለበት ይመርምር። አማርኛ የሚማሩ ወዳጆቻችን እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ዕቃ ሳይለያይ መሥመር ሲያወጣ «ተሰነጠቀ» ይባላል፤ ለሁለት ሲሆን ግን «ተሰበረ» ነው። ጠጋኝ ዘንድ ሄዶ አንዱን በሌላው የለወጠ ሰው ዋጋው ቢንርበት አንደነቅም።

የምድጃው ብረት ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ነው። መካኒኮች ከጣልያንኛ ወስደው «ጊዛ» ይሉታል። ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚደርስ ካርቦን ስላለበት ሙቀት ይችላል፥ ነገር ግን አይለመጥም። ማረሻ የሚቀጠቅጥ ብልህ አንጥረኛ ይህን ብረት አግሎ በመዶሻ ቢመታው ይፈረካከስበታል። ከጋለ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስበትም ይሰነጠቃል። አመድ ሳይጠረግ ከፍርግርጉ ሥር ሲከመርም አየር ስለሚያጣ ፍርግርጉ ከመጠን በላይ ግሎ ይጣመማል፤ ብዙ ጊዜ ምድጃ የሚጠፋው በዚህ ስንፍና ነው።

ስንጥቅ ሁሉ እኩል አይደለም። ፍርግርጉ ቢሰነጠቅ እስኪለወጥ ድረስ ያገለግላል። የጎኑ ወይም የላዩ ብረት ሲሰነጠቅ ግን በቀዳዳው አየር እየገባ እንጨቱን ያለ ልክ ያስፈጀዋል፤ የጭስ መውጫው ስቦ ማውጣት ሲያቅተው ደግሞ ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል። ከጭሱ ጋራ የሚመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው፥ በርና መስኮት ዘግተው የተኙትን ቤተ ሰቦች ሳይነቁ ሊገድላቸው ይችላል።

ጥገናውን ስንጥቁ ወዴት እንደሚያልቅ በመፈለግ ይጀምሩ። በሁለቱ ጫፎች ትንሽ ቀዳዳ ቢበሳ ስንጥቁ ወደ ፊት እንዳይሄድ ይገታል። ከዚያ በላዩ ጠፍጣፋ ብረት አድርጎ በብሎን ማሰር ይቻላል፤ ብረቱ ሲግል ስለሚሰፋ የብሎኑ ቀዳዳ ጥቂት ሰፋ ይበል፥ ብሎኑም እጅግ አይጥበቅ። በመካከሉ ለምድጃ የተሠራ እሳት የሚችል ማጣበቂያ ይገባል። ተራ ሲሚንቶ አይሆንም፥ ይፈረፈራል። ሸክላ አፈርና የተነፋ አመድ ለውሶ መምረግ ለጊዜው ይረዳል።

ብየዳ ካስፈለገ ትራክተር ባለበት አገር ጊዛ የሚበይድ ሰው አይታጣም፤ የሞተሩም አካል ብዙ ጊዜ ከዚሁ ብረት ነውና። ጥሩ በያጅ አስቀድሞ ብረቱን በዝግታ ያሞቃል፥ ኒኬል ያለበትን ብየዳ ዘንግ ይጠቀማል፥ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር በይዶ ሳይቀዘቅዝ በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያደርጋል። ሲጨርስም በደረቅ አመድ ቀብሮ እስከ ማግሥቱ ይተወዋል። ውሃ የሚያፈስበት ከሆነ ዕቃዎን ይዘው ቢመለሱ ይሻላል።

ምርጉ ከደረቀ በኋላ የመጀመሪያው እሳት ትንሽ ይሁን። እሳቱ ሲያያዝ የሚጨስ ዕጣን በስንጥቁ መሥመር ላይ ቀስ ብሎ ማሳለፍ ነው። የዕጣኑ ጭስ ወደ ውስጥ ከተሳበ ቀዳዳ ቀርቷልና እሳቱን አጥፍቶ፥ ብረቱ በራሱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፥ እንደ ገና መምረግ ይገባል።