ለሹፌሩ ልጅ ማን ይክፈል?

ስፓይክ ሊ እ.ኤ.አ. በ2025 «ሃይየስት ቱ ሎወስት»ን ሲያወጣ፣ እኔና ጓደኞቼ ዋናውን ፈልገን አየነው፤ የአኪራ ኩሮሳዋን የ1963 ፊልም። የጃፓንኛ ርዕሱ «ገነትና ሲኦል» ማለት ነው። ሲያልቅ ክርክር ተነሳ። ግማሹ «ሀብታሙ ጀግና ነው» አለ። ግማሹ «ተዉን እባካችሁ፣ አጋቹን ያሳበደው ድህነት ነው» አለ። እኔ ሁለቱም ተሳስተዋል እላለሁ። በተለይ ሁለተኛው ወገን፣ ለድሃ የቆመ መስሎ ድሃውን ረስቶታል።

ላላያችሁት፣ ታሪኩ እንዲህ ነው (መጨረሻውንም ስለምናገር ይቅርታ)። ጎንዶ የአንድ ጫማ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ነው። ቤቱ ዮኮሃማን ቁልቁል የሚያይ ጉብታ ላይ ተሠርቷል። ኩባንያውን በእጁ ለማስገባት ያለ የሌለ ንብረቱን አስይዞ 50 ሚሊዮን የን አሰባስቧል። ልክ በዚያ ሰዓት ስልክ ይደወላል፤ ልጅህን ይዤዋለሁ፣ 30 ሚሊዮን የን አምጣ። ግን አጋቹ ተሳስቷል። የያዘው የሹፌሩን የአኦኪን ልጅ ነው። ስህተቱን ካወቀ በኋላስ? ያው ብሩን አምጣ ነው ያለው።

አጋቹ ታኬኡቺ ይባላል። በረባዳው ሰፈር በጠባብ ክፍል የሚኖር ኢንተርን ሐኪም ነው። በጋ ላይ ክፍሉ እንደ ምድጃ ይግላል። ቀና ሲል የሚያየው ደግሞ መስኮቱን ዘግቶ የሚቀዘቅዘውን የጎንዶን ቤት ነው። ይህ ንዴት ውሸት አይደለም። እንዲህ ያለ ከተማ ለድሃው በየቀኑ ስድብ ነው፤ ያንን የሚክድ ሰው ከፎቁ ወርዶ አያውቅም።

እሺ፣ ንዴቱ ይገባናል። አሁን ደግሞ የተጎዳውን እንቁጠር።

የታገተው የሹፌር ልጅ ነው። ሕፃኑን ደብቀው የያዙለት ባልና ሚስት የሄሮይን ሱሰኞች ነበሩ፤ ታኬኡቺ አፋቸውን ለማዘጋት ንጹሕ ሄሮይን ሰጥቶ ገደላቸው። በኋላም መድኃኒቱ ገዳይ መሆኑን ለማረጋገጥ አንዲት ሱሰኛ ሴት ላይ ሞከረው። ስሟን እንኳ አናውቅም። ሞተች። ጉብታው ላይ ያለው ጎንዶስ? ሥልጣኑንና ቤቱን አጣ። ከባድ ነው፤ ግን በሕይወት አለ፣ ጫማ መሥራቱንም ቀጥሏል። እንግዲህ የድሃ በቀል የሚባለው ይሄ ነው? ከላይ ገንዘብ ተወሰደ፤ ከታች ነፍስ ጠፋ።

ሕግ አስከባሪዎቹም ከዚህ አይነጹም። ታኬኡቺን ማንነቱን ሲያውቁ ወዲያው አልያዙትም። በእገታ ብቻ ከተከሰሰ ቅጣቱ ያንሳል ብለው፣ ወደ ሞት ቅጣት የሚወስደውን ማስረጃ ለማግኘት ተከታተሉት። ሴትየዋ የሞተችው በዚያ ክትትል መካከል ነው። ለሀብታሙ ፍትሕ ሲባል የተከፈለው ዋጋ የማን ነበር?

አኦኪን ደግሞ እዩት። መጀመሪያ ጌታው እግር ሥር ተንበርክኮ ይለምናል። ቆይቶ ራሱ «ተዉት፣ አይክፈሉ» ይላል። አስቡት፤ አንድ አባት የልጁን ነፍስ ለጌታው ኪሳራ ሲል አሳልፎ ለመስጠት ራሱን ሲያስገድድ! ለእኔ ከዚያ ሁሉ ሙቀትና ከዚያ ጠባብ ክፍል በላይ ድህነትን ያሳየኝ ይህ ጎንበስ ያለ ሰው ነው። እሱ ግን ማንንም አላገተም። ድህነት አጋች ይፈጥራል የምትሉ፣ አኦኪን የፈጠረው ምንድን ነው?

ይህ የፊልም ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ሲታገቱ የማን ልጆች ነበሩ? የሚኒስትር ልጅ በዚያ አውቶቡስ አይሄድም። ወላጆች በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር ተጠየቁ። የሊቢያን መንገድ የያዙ ልጆቻችንም በደላላ እጅ ሲወድቁ ስልኩ የሚደወለው ለገበሬ እናት ነው። የአኦኪ ልጅ ቢያንስ ጎንዶ ነበረው። እዚህ ግን በሬ ይሸጣል፣ ጎረቤት ያዋጣል፣ በዕድር ይለመናል፣ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል።

«ታዲያ ለሀብታም ጠበቃ ልትሆን ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። የቤት ኪራዩን፣ ግብሩን፣ ፈርሶ የተወሰደውን ሰፈር አንሱና እንጩህ፤ አብሬያችሁ እጮኻለሁ። ግን የድሃን ልጅ አስሮ ብር የሚጠይቅን ሰው የድሃ ድምፅ አድርጋችሁ አትሹሙብን። «ምን ያድርግ፣ ሥርዓቱ ነው» የሚለው ንግግር ሶፋ ላይ ሆኖ ሲባል ይጥማል፤ ስልኩን ይዛ ለምትጠብቅ እናት ግን ሁለተኛ ስድብ ነው።

በፊልሙ መጨረሻ ጎንዶና ታኬኡቺ እስር ቤት ውስጥ በመስታወት ተለያይተው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። የአንዱ ፊት በሌላው ላይ ያንጸባርቃል። ተቺዎች ስለዚያ መስታወት ብዙ ጽፈዋል፤ ይገባዋልም። እኔ ግን በዚያ ክፍል ለአኦኪ ወንበር አለመኖሩን አልረሳም። ልጁ የታገተበት እሱ ነው፤ ማንም ግን ምን ትላለህ ብሎ አልጠየቀውም።