«እማዬ፣ በእኔ ምክንያት ነው?»



በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር የመሬት መንቀጥቀጡ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ሳህኖቻችንን ሲያንቀጫቅጭ፣ የሰባት ዓመት ልጄ «እግዚአብሔር ተቆጥቶ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ድንጋጤዬ ሳይበርድልኝ «አዎ፣ ስለ ኃጢአታችን ነው» አልኋት። ከሦስት ቀን በኋላ በሌሊት እያለቀሰች መጣች። «እማዬ፣ ስኳሩን ደብቄ የበላሁት እኔ ነኝ። መሬቱ የተነቃነቀው በእኔ ምክንያት ነው?» የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የተመረቅሁት እናቷ መልስ አጣሁ።

በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ አብረንም መማር ጀመርን።

ምድጃ ላይ ያለ ገንፎ ለልጆቻችሁ ከሩቅ አሳዩአቸው። ከሥር የታፈነው እንፋሎት ሲገፋው ቦፍ ቦፍ እያለ ይፈናጠራል። እሳተ ገሞራም በመጠኑ ይህን ይመስላል። በምድር ጥልቅ ውስጥ የቀለጠ አለት ማግማ ይባላል። በዙሪያው ካለው ጠጣር አለት ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፤ የታመቀው ጋዝም እንደ ተናወጠ ለስላሳ ይገፋዋል። ወደ ውጭ ሲፈስ ላቫ እንለዋለን።

በአገራችን አፋር ላይ የአፍሪካ፣ የሶማሌና የዓረቢያ የምድር ቅርፊቶች ቀስ በቀስ ይራራቃሉ። ቅርፊቱ ሲሳሳ ማግማው መውጫ ያገኛል። ኤርታሌ የሚገኘው በዚያ ነው። ያን ጊዜ ያስደነገጠን መንቀጥቀጥም በፈንታሌ አካባቢ ከምድር በታች ከተንቀሳቀሰ ማግማ ጋር የተያያዘ ነበር። እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ፤ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ድረስ ደረሰ።

ቢሾፍቱ ስትሄዱም ሐይቆቹን አሳዩአቸው። ጉድጓዶቹን የፈጠረው ጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ነው።

ቤት ውስጥ በጠርሙስ ቤኪንግ ሶዳ አድርጋችሁ ኮምጣጤ ጨምሩበት፤ አረፋው ገንፍሎ ይወጣል። ነገር ግን እዚህ ውስጥ የቀለጠ አለት እንደሌለ፣ ጋዝ ፈሳሽን እንዴት እንደሚገፋ ብቻ እንደሚያሳይ ንገሯቸው። ልጅን በእውነት እንጂ በማታለል አናስተምርም።

ወገኖቼ፣ እኛም እንጠንቀቅ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ጌታ ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎች ይልቅ በደለኞች ስለ ነበሩ አይደለም ብሏል፤ ሁላችንንም ግን ወደ ንስሐ ጠርቶናል። አመድ ግጦሹን የሸፈነበትን የአፋር አርብቶ አደር በምን አንደበት እንፈርድበታለን? የልጃችንንስ ልብ በማናውቀው ነገር ለምን እናስፈራለን?

ልጄ ስለ ስኳሩ ይቅርታ ጠይቃለች፤ እርሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ኅዳር ላይ የሃይሊ ጉቢን ዜና ስትሰማ ግን አላለቀሰችም። ተንበርክካ ስለ አፋር ልጆችና ስለ ፍየሎቻቸው ጸለየች።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።