ከመቆፈር በፊት የውሃው መነሻ ይታወቅ

በገለምሶና በሌሎች የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች የውሃ እጥረት ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው አዲስ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱን የሚመግበው ዝናብ የት እንደሚዘንብ ግን እምብዛም አይጠየቅም። የሐሮማያ ሐይቅ መድረቅና ሐረር ከድሬዳዋ አቅጣጫ ውሃ ለማስመጣት መገደዷ የጥያቄውን ክብደት አሳይቷል።

መልሱ በውሃው ውስጥ አለ። በደጋ የሚዘንብ ዝናብ ከቆላው ይልቅ ኦክስጅን 18 እና ዲዩቴሪየም የተባሉት ከባድ አይሶቶፖች (የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያዩ አቶሞች) ያንሱታል፤ የጉድጓዱን ውሃ ከአካባቢው ዝናብ ጋር በማነጻጸር ከየትኛው ከፍታ እንደሰረገ መገመት ይቻላል። በ12.3 ዓመት በግማሽ የሚቀንሰው ሌላው የሃይድሮጅን አይሶቶፕ ትሪቲየም ደግሞ ውሃው የቅርብ ይሁን የቆየ ይጠቁማል። የናይትሬትና የክሎራይድ አብሮ መጨመርም የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ መግባቱን ያስጠረጥራል።

የአዲስ አበባ ዝናብ አይሶቶፕ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ተለክቷል፤ ለሐረርጌ ተራሮች ግን የራሳቸው ልኬት ያስፈልጋል። የዞኑ የውሃ ጽሕፈት ቤትና በጭሮ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተባብረው በየወቅቱ የዝናብ፣ የምንጭና የጉድጓድ ናሙና ይሰብስቡ። ውጤቱ የሚያመለክተው ተዳፋትም በእርከንና በደን ይጠበቅ። ለቁፋሮ የሚመደብ በጀት ለዚህ ጥናትም ድርሻ ሊይዝ ይገባል።