የቴስተር የእጅ ዋጋ

የደብረ ታቦር የታኅሣሥ ጠዋት ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ቪትዝ ያለው ሰው ሞተሩን አስነስቶ፣ መስታወቱ ላይ ያደረውን ጤዛ በጨርቅ ጠርጎ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ይመለሳል። ጉዞው አሥር ደቂቃ አይሞላም። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የቼክ ኢንጂን መብራት ከበራች ሰንብታለች፤ ቤንዚኑም ከወትሮው ቶሎ ያልቃል። ጋራዥ ሲሄድ የሚሰማው መልስ የታወቀ ነው፦ «ደጋ ነው፣ አየሩ ቀጭን ነው፣ ይበላል።»

መልሱ በካርቡሬተር ዘመን ልክ ነበር። ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ ይጎድላል። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፤ ዝቅ ባለችው ወረታ ላይ የተስተካከለለትን ልክ ይዞ የጉና ግርጌ ድረስ ያንኑ ያፈስሳል፣ ጥቁር ጭስም ይተፋል። ኢንጀክሽን መኪና ግን የሚገባውን አየር ለክቶ ቤንዚኑን ይመጥናል፤ ከተቃጠለ በኋላም ጭስ ማውጫው ላይ በተተከለው ኦክስጅን ሴንሰር ልኩን ያርማል። ቀጭን አየር ጉልበቱን ይቀንሰዋል እንጂ ቤንዚን አያስባክነውም። ደጋው ባላጠፋው ጥፋት ተከሷል።

ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ከዚያው ሴንሰር ውስጥ ያለች ትንሽ ማሞቂያ ናት። ሴንሰሩ በውስጡ የያዘው ዚርኮኒያ የሚባል ሸክላ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካልሞቀ ምንም አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1976 ቦሽ ሠርቶት በቮልቮ መኪኖች ላይ ሲወጣ ማሞቂያ አልነበረውም፤ ጭሱ ራሱ እስኪያሞቀው ይጠበቅ ነበር። ኋላ ላይ የገባችው ማሞቂያ ሥራዋ ይህን ጥበቃ ማሳጠር ነው። እሷ ስትሞት የመኪናው ኮምፒውተር ሴንሰሩን ማመን ትቶ በግምት ቤንዚን ይጨምራል። ባሕር ዳር ደርሶ ለሚመለስ ሰው ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም፤ መንገድ ላይ ጭሱ ሸክላውን ያሞቀዋል። ከሰፈር ገበያ፣ ከገበያ ሰፈር ለሚል መኪና ግን በየጉዞው የሚከፈል ቅጣት ነው።

ስካነር ሲሰካ ፒ 0135 ወይም ፒ 0141 ይወጣል። የመጀመሪያው የፊተኛውን፣ ሁለተኛው ከካታሊስቱ በኋላ ያለውን ሴንሰር የማሞቂያ መስመር ይጠራል። መስመር የሚለው ቃል ይሰመርበት። ኮዱ «ሴንሰሩ ሞቷል» አላለም፤ ፊውዙ፣ ሶኬቱ፣ ሽቦው፣ ማሞቂያዋ፣ አንዳንዴም ኮምፒውተሩ ራሱ ተጠርጣሪ ናቸው። ሆኖም ከስካነሩ ቀጥሎ የሚነሳው ስልክ ነው፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተደውሎ ዕቃው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እንዲመጣ ይታዘዛል። የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል በተሠራበት በጋፋት ደጃፍ፣ ፊውዝ ሳያዩ ሴንሰር ማዘዝ ትንሽ ያሳፍራል።

ልኬቱ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ጭስ ማውጫው ከበረደ በኋላ የሴንሰሩ ሶኬት ይነቀላል። ከአራቱ ሽቦዎች አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሁለቱ፣ በብዙ ቶዮታዎች ጥቁር፣ በቦሽ ሥሪት ነጭ፣ የማሞቂያዋ ናቸው። ቴስተሩ ኦም ላይ ተደርጎ ጫፎቹ ሲነኩ፣ በተለመደው የቶዮታ ሴንሰር ከ11 እስከ 16 ኦም ካሳየ ማሞቂያዋ ደህና ናት። ቁጥር ካልመጣ ተበጥሳለች፤ ያኔ ዕቃ ይታዘዝ። ደህና ከሆነች ቁልፉ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ከመኪናው በኩል ባለው የሶኬት ግማሽ 12 ቮልት መድረሱ ይታያል። ካልደረሰ ፊውዙ ይታይ። ክረምቱን በጭቃ የከረመ ሶኬት ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ማግኘትም ብርቅ አይደለም፤ የዚያ መድኃኒቱ መጥረግ ነው።

ዕቃው ከመጣም ጣጣው አላለቀም። አዳዲሶቹ የአየርና የነዳጅ ምጣኔ ሴንሰሮች ማሞቂያ 2 ወይም 3 ኦም ብቻ ነው፤ መልኩ ስለመሰለ ብቻ ቢገጠም ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። የሌላ መኪና ሴንሰር ሽቦ ቆርጦ በብየዳ መቀጠልም ክፉ ልማድ ነው፤ ብዙዎቹ ሴንሰሮች ለማነጻጸሪያ የሚሆናቸውን ንጹሕ አየር የሚስቡት በሽቦው ውስጥ ነው፣ ብየዳው ያፍናቸዋል። ከሁሉ የባሰው ግን ሬዚስተር ሰክቶ ኮምፒውተሩን ማታለል ነው። መብራቷ ትጠፋለች፣ ሸክላው እንደቀዘቀዘ ይቀራል፣ ባለመኪናው መርቆ ይሄዳል። ኮዱን በስካነር አጥፍቶ የሚሸኝ መካኒክ ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ እውነቱ በብዙ መኪኖች በሁለተኛው ጉዞ ተመልሶ ይበራል።

መካኒኩን ብቻ መውቀስ ግን ቀላሉ መንገድ ነው። ደንበኛው ለዕቃ ሳያንገራግር ይከፍላል፣ ዕቃ ለመግጠምም የእጅ ዋጋ ይሰጣል። «ሴንሰሩ ደህና ነው፣ ሶኬቱን ጠርጌዋለሁ» ያለውን መካኒክ ግን «ምንም ሳትቀይር ምን ብዬ እከፍልሃለሁ?» ይለዋል። እንዲህ በሚከፈልበት ገበያ ቴስተር የሚያወጣ ሰው ከራሱ ኪስ ይሠራል፤ ዕቃ የሚያዝ ያተርፋል። ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚከተል ነው።

ስሌቱም ተለውጧል። በ2014 ክረምት አዲስ አበባ ላይ 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር አልፏል። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እንግዲህ ዛሬ በደብረ ታቦር የሚሄደው ቪትዝ የሚያረጀው እዚሁ ነው፤ ሽቦውና ሶኬቱም አብረውት።

ስለዚህ ጋራዦች የምርመራ ዋጋ ለብቻው ይለጥፉ፤ ዕቃ ቢቀየርም ባይቀየርም ይከፈል። ደረሰኙ ላይ ኮዱ ብቻ ሳይሆን የተለካው ኦምና ቮልት ይጻፍ። ሴንሰር ከተቀየረም ደንበኛው አሮጌውን በአዲሱ ካርቶን አድርጎ ይረከብ፤ ከተጠራጠረ ሌላ ጋራዥ ወስዶ ሁለቱን ሽቦዎች ዳግም ያስለካል።